መሐንዲስ በእንግድነት ሲጠራ

እንግዳ መቀበል ላገራችን ሰው በመጽሐፍ የሚያስተምሩት ነገር አይደለም። እንግዳ ይመጣል የተባለ እንደ ሆነ እመቤቲቱ ጓዳዋን ትመለከታለች፤ ባለ ቤቱ መቀመጫውን ያሰናዳል፤ ልጆቹም ማስታጠቢያውን ይዘው ይቆማሉ። እንግዳው ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ የሚጾም መሆኑና አለመሆኑ አስቀድሞ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች ስንሆን ግን አጠራሩን ገና በደንብ ያልለመድነው አንድ እንግዳ አለ። ይኸውም ሊበላና ሊጠጣ ሳይሆን ያወቀውን ሊያካፍለን የሚመጣው ባለሙያ ነው። በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ ልንናገርበት ያሰብነው ስለዚሁ እንግዳ፣ ከባለሙያዎቹም ይልቁን ስለ መሐንዲሱ ነው።

የመሐንዲስ ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለዚህ አንባቢ የምንሰጠው መልስ፣ ቤትዎን ዞር ብለው ይመልከቱ የሚል ነው። ግድግዳው በበጋ ተሰንጥቆ በክረምት የሚገጥመው ስለ ምንድን ነው? ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ ለምን ይደክማል? ሐምሌ በገባ ቍጥር ከላይኛው ጎረቤት የሚወርደው ጎርፍ በምን ይመለሳል? የከሰሉ ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲያድር ሰው የሚገድለው ጢስ ሳይታይበት እንዴት ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ዘወትር የሚጠይቁት እናቶች ናቸው፤ መልሱን የሚያውቁት ደግሞ መሐንዲሶች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ግን ባንድ ጉባኤ የሚገናኙበት ቀን እጅግ ጥቂት ነው።

ነገሩን በአንድ ሰፈር ለማሳየት ያኽል በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘውን ኮልፌ ቀራንዮን እንውሰድ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዚህ ክፍለ ከተማ ከ428 ሺህ የሚበልጥ ነዋሪ ተገኝቶበታል፤ በዚያን ጊዜ ከነበሩት 10 ክፍለ ከተሞችም ሁሉ በሕዝቡ ብዛት የመጀመሪያው ነበር። ወደ አጠና ተራ የሄደ ሰው እንደሚያየው የባሕር ዛፍ አጠና በየመጠኑ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ከዚያው አጠና አንዱ የጭቃ ቤት ግድግዳ ይሆናል፤ አንዱ ደግሞ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሲሠራ ሠራተኛ የሚወጣበት መወጣጫ ይሆናል። የትናንቱና የዛሬው አሠራር ባንድ ጎዳና ዳር ጎን ለጎን የሚታይበት እንዲህ ያለ ሰፈር የባለሙያ ምክር ከሌላው ይልቅ ያስፈልገዋል። በሰፈሩም የተማረ መሐንዲስ ጠፍቶ አይደለም። ጎረቤቱ ግን መሐንዲሱን የሚያውቀው ጧት ወጥቶ ማታ እንደሚገባ፣ በልቅሶ ቤትም ከድንኳኑ ሥር አብሮ እንደሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው።

ዕውቀት ካለበት ስፍራ ወደሚፈለግበት ስፍራ ሳይደርስ መቅረቱ ምን ያኽል ከባድ ነገር እንደ ሆነ በዚሁ አቅጣጫ የደረሰውን መከራ በማስታወስ መረዳት ይቻላል። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ የከተማይቱ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመርበት የኖረው የረጲ ቍልል፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው፣ ተንዶ በአጠገቡ በነበሩት ጎጆዎች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሪቱም የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀች።

ይህን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ አደጋ በዓለም ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው አልነበረም። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በጁላይ 2000 በፊሊፒንስ በማኒላ አጠገብ ፓያታስ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻ ቍልል ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በፌብሩዋሪ 2005 ደግሞ በኢንዶኔዥያ በባንዱንግ ከተማ አጠገብ በተመሳሳይ አደጋ 143 ሰዎች ሞተዋል፤ ኢንዶኔዥያም ያን ቀን፣ ፌብሩዋሪ 21ን፣ ስለ ቆሻሻ አያያዝ የሚታሰብበት ብሔራዊ ቀን አድርጋ ይዛዋለች። ቍልል ቁመቱ ሲበዛና ጎኑ ቀጥ ሲል፣ ውሃም ጠጥቶ ሲከብድ፣ እግሩም ሲቈፈር እንደሚናድ የመሬትን ነገር የሚያጠኑ መሐንዲሶች አስቀድመው አውቀውታል፤ ጽፈውበታልም። ጽሑፉ ግን የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ በባለሙያዎች መጽሔት ነው፤ ከቍልል ሥር ጎጆ ቀልሳ ለምትኖር እናት የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው። መቼም ዕውቀት ብቻውን ሌላ ቤት አይሆንላትም፤ ወዴት ልሂድ ብትል መልስ የሚሰጣት መሐንዲሱ አይደለም። ይሁን እንጂ የሚያሰጋውን ነገር በስሙ ለይቶ የሚያውቅ ሰፈር ለሹሙ አቤቱታ በሚጽፍበት ጊዜ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ያውቃል። አቤቱታውን የሚቀበለውም ሹም ጉዳዩን ለመመርመር ይቀለዋል። ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት መካከል በሥልጣን ላይ ያሉት ሰዎች ይህን ነጥብ በተለይ እንዲያስቡልን እንወዳለን።

መሐንዲሶች ተሰብስበው እርስ በርሳቸው መማማር የጀመሩበት ታሪክ ላገራችን ሰው የሚጥም ነው፤ የተጀመረው በቡና ቤት ነውና። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1818 መጀመሪያ፣ ስማቸው ገና ያልተሰማ ጥቂት ወጣት መሐንዲሶች በለንደን ከተማ በአንድ ቡና ቤት ተቀምጠው የሙያ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ሁለት ዓመት ያኽል ሳያድግ ቆየ። በ1820 ግን በመንገድና በድልድይ ሥራው ስሙ የገነነውን ቶማስ ቴልፎርድን መሪ ይሁኑን ብለው ጠየቁት። ቴልፎርድ የእረኛ ልጅ ሆኖ ሥራውን በድንጋይ ጠራቢነት የጀመረ ሰው ነበር። እርሱም ልጆች ጠሩኝ ብሎ ሳይንቅ እሺ አለ፤ በ1828 ማኅበሩ የንጉሥ ቻርተር ለማግኘት በቃ። በአገራችን በሰፈር ያሉ ተማሪዎች አንድን ታላቅ ባለሙያ ለመጥራት ሲያፍሩ ስናይ ይህ ነገር ትዝ ይለናል።

በአገራችንም ቢሆን ሙያው ከተተከለ ቆይቷል። የተግባረ እድ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የኢንጂኔሪንግ ኮሌጅም በ1945 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ባንድነት ማኅበር መሥርተው «ዘዴ» የሚባል መጽሔት አውጥተዋል፤ የሲቪል፣ የኤሌክትሪክ፣ የመካኒክና የኬሚካል መሐንዲሶችም የየራሳቸውን ማኅበር ለመያዝ በቅተዋል። ስለ «ዘዴ» አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ ስሙ ያማረ አማርኛ ነው፤ ውስጡ ግን እንግሊዝኛ ነው። ለሊቃውንቱ ይህ ነውር አይደለም፤ ከዓለም ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነውና። የሰፈር ጉባኤ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ይፈልጋል።

በዛሬው ዘመን ታላላቆቹ የዓለም ማኅበራት፣ ለምሳሌ አይ ትሪፕል ኢ የሚባለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ለንግግር የበቁ ሊቃውንትን መርጠው በዝርዝር ያስታውቃሉ፤ በየአገሩ ያሉትም ቅርንጫፎች ከዝርዝሩ እየመረጡ ይጠራሉ። የሩቁን መንገድ ወጪ በአብዛኛው ማኅበሩ ሲችል፣ ማረፊያውንና ማዕዱን የሚያሰናዳው ጠሪው ቅርንጫፍ ነው። ደግ ሥርዐት ነው። የኮልፌ ሰው ግን ምጣዱ አምፖሉን ለምን እንዳደከመበት ለመጠየቅ ከባሕር ማዶ ሊቅ ማስመጣት የለበትም።

እንግዲህ በዚያ ሰፈር በየጊዜው ከተገኘንባቸው ጉባኤዎች ሁለቱን እናውጋ። የሁለቱም ተናጋሪዎች በሙያቸው የተመሰገኑ ሰዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው የተደረገው በአንድ አዳራሽ ነው። የጋበዙት ወጣቶች እንግዳውን የመረጡት በማዕርጋቸው ታላቅነት ነበር፤ ምን እንዲናገሩላቸው እንደሚፈልጉ ግን አልነገሯቸውም። እሳቸውም የሚያውቁትን ይዘው መጡ፤ ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ ከመቶ የሚበልጥ ሥዕል አዘጋጅተው ነበር። ንግግሩ ሲጀመር መብራት ጠፋ። ሥዕሉ ከሌለ ንግግሩ የሚቆምበት እግር አልነበረውም፤ ሆኖም እንግዳው ጨዋ ሰው ስለ ነበሩ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ በቃል ሊያስረዱ ደከሙ። ከአምስት ቃል ሦስቱ እንግሊዝኛ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች አንድ ባንድ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ጥያቄ ያላችሁ ሲባል እጅ ያነሣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም የጠየቀው መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ነው። ሰዉ ሣቀ፤ እንግዳውም አብረው ሣቁ፤ ነገር ግን ሁለተኛ ተጠርተው የሚመጡ አይመስለንም።

ሁለተኛው ጉባኤ የተደረገው በአዳራሽ ሳይሆን የዕድር ድንኳን በተተከለበት ሜዳ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ ከወር በፊት በስብሰባ ላይ ደብተር አዙሮ፣ በቤታችሁ ስለ መብራት ያስቸገራችሁን ነገር ተናገሩ ብሎ ጽፎ ነበር። ከተጻፉት ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ምጣድ ሆነው ተገኙ። ጸሐፊው ይህን ዝርዝር ከደብዳቤ ጋር አያይዞ በዚያው ክፍለ ከተማ ለሚኖሩ አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ላከ። በቀጠሮው ቀን መሐንዲሱ ሥዕል አላመጡም። ከሱቅ የገዙትን አንድ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ይዘው መጡና በሁሉ ፊት በቢላዋ ሰነጠቁት። ውስጡ ያለው የመዳብ ሽቦ ከፀጉር ጥቂት የወፈረ ክሮች እስር ነበር። «በዚህች ነው እንጀራ የምትጋግሩባት» አሉ።

ቀጥለውም ቍጥሩን ተናገሩ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዋት የሚደርስ ኀይል ይስባል። በ220 ቮልት ሲታሰብ ይህ ከ14 እስከ 18 አምፔር ያኽል ነው። ቀጭኑ ማራዘሚያ ግን በደኅና የሚሸከመው ከዚህ ግማሹን እንኳ የማይሞላ ነው። ከልኩ በላይ ያለፈበት እንደ ሆነ ሽቦው ይግላል። አምፖሉ የሚደክመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሽቦው ቀጭንና ረጅም በሆነ መጠን ከሚያልፍበት ኀይል ላይ ቀረጥ ይወስዳል፤ የወሰደውንም በሙቀት መልክ ያወጣዋል። ስለዚህ የአምፖሉ መድከም ሽቦው እየጋለ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ምጣድ ከማከፋፈያው ጀምሮ ለብቻው በወፍራም ሽቦ የተዘረጋ መሥመርና ልኩን የሚያውቅ ፊዩዝ ያስፈልገዋል፤ ፊዩዙ በተቃጠለ ቍጥር በሽቦ ቍራጭ መተካት ግን ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው።

ከዚያ ወዲህ ድንኳኑ ዝም አላለም። አንዲት አሮጊት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ እኔ ማራዘሚያውን በምንጣፍ ሥር ነው የማሳልፈው፤ ሰው እንዳይሰናከልበት ብዬ ነው፤ አጠፋሁ?» ብለው ጠየቁ። መሐንዲሱም ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «እማማ፣ ያሰቡት ለሰው ነው፤ ግን ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ምንጣፉን ይይዘዋል። ዛሬ ማታ ያውጡት» አሏቸው። ይህች አንድ መልስ ከዚያ ከመቶ ሥዕል በለጠች ብንል የመጀመሪያውን እንግዳ መናቃችን አይደለም፤ እሳቸውም ጥያቄው ተልኮላቸው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ መልስ አያጡም ነበር።

ነገርን በዕቃ አሳይቶ ማስረዳት አዲስ ፈሊጥ አይደለም። የአንጥረኛ ልጅ የነበረው ታላቁ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ለወጣቶች የሚሰጠውን የገና ንግግር እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1825 ካስጀመረ በኋላ ራሱ 19 ጊዜ አስተምሯል። ከሁሉ የታወቀለት ንግግሩ ስለ አንዲት ሻማ የተናገረው ነው። ሻማይቱን አብርቶ እሳት ምን እንደሚበላና ምን እንደሚተፋ ለሕፃናት አሳያቸው። ያ ትምህርት ላገራችን የከሰል ምድጃ ቢሆን እንዴት በተስማማ ነበር! ከሰል አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ ከደም ጋር የሚጣበቀው ሰው ከሚተነፍሰው ኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ነው፤ ስለዚህ ተኝቶ የሚተነፍሰው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ይህን ትምህርት የሚሰጥ እንግዳ መጠራት ያለበት ብርድ ሳይበረታ፣ በጥቅምት ነው።

ከዚህ በላይ እንደ ተነገረው የነገሩ ሁሉ ሥር ጥያቄው ነው። ጥያቄው ከቤት ከወጣ፣ እንግዳውን መፈለግ ቀላል ይሆናል። ለምጣድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ለተሰነጠቀ ግድግዳ ጥቁር አፈር በክረምት እንደሚያብጥና በበጋ እንደሚጨማደድ የሚያውቅ የሲቪል መሐንዲስ፣ ለወንዝ ዳር ነዋሪ ደግሞ የትንሹን አቃቂ ገባሮች ሙላት የሚያውቅ የውሃ መሐንዲስ ይጠራል። ሰውየው በሰፈሩ ቢገኝ ደግ ነው፤ ባይገኝ በሙያ ማኅበሮቹ ወይም በዩኒቨርሲቲው መምህራን በኩል ይጠየቃል። በጡረታ ያሉትም አይረሱ፤ ጊዜም ትዕግሥትም ያላቸው እነሱ ናቸውና።

ደብዳቤውን ስለ መጻፍ ጥቂት እንበል። ብዙዎች በምስጋና ጀምረው በምስጋና ይጨርሱታል፤ ተጠሪው ግን ምን ይዞ እንደሚመጣ ሳያውቅ ይቀራል። ለናሙና ያኽል የሚከተለውን አቅርበናል።

«ለተከበሩ መሐንዲስ እገሌ፤ ጤና ይስጥልን። እኛ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የምንኖር የዕድር አባሎችና የሰፈራችን የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች ነን። በየቤታችን ስለሚታየው የግድግዳ መሰንጠቅ እንዲያስረዱን በአክብሮት እንለምንዎታለን። አባሎቻችን የጠየቋቸውን ጥያቄዎች ከዚህ ጋር አያይዘናል። የሚሰሙዎት 80 ያኽል ሰዎች ሲሆኑ የሚበዙት የቤት እመቤቶች ናቸው፤ ልጆችም ይኖራሉ። ንግግሩ በአማርኛ፣ ከ40 ደቂቃ ባይበልጥ እንወዳለን፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄ ይኖራል። ስፍራው ድንኳን ነው፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በእጅ የሚታይ ነገር ቢይዙ ይሻላል። ቀኑ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ባይመችዎ እርስዎ የሚሉትን ቀን እንቀበላለን። ከቤትዎ የሚያመጣዎና የሚመልስዎ ሰው እንልካለን።»

ይህ ደብዳቤ ከቀኑ በፊት ቢያንስ በ4 ሳምንት መድረስ አለበት። ቀን በሚመረጥበት ጊዜ የበዓልና የገበያ ቀን ይታሰብ፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ያለው ወራት ጭቃና ዝናብ ነውና ለድንኳን አይመችም። እንግዳው በመጨረሻው ሰዓት የቀረ እንደ ሆነ የሚተካ ሰው አስቀድሞ ቢታሰብ መልካም ነው። ስለዚህ ነገር በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚነገር አንድ ወሬ አለ፤ በ1846 ገደማ ቻርልስ ዊትስቶን የተባለው ሊቅ ንግግሩ ሊጀመር ሲል ፈርቶ ጠፋና ፋራዴይ ሳይዘጋጅ ተነሥቶ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲህ ተናጋሪው ሰዓቱ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ያኽል በአንድ ክፍል ይቈለፍበታል ይባላል። በእኛ ዘንድ እንግዳ ላይ በር መቈለፍ ነውር ስለ ሆነ ተጠባባቂ መያዙ ይበቃል።

ስለ ስፍራው ዕድርን ደጋግመን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድር ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ስኒ አለው፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚሰበሰብበት የታወቀ ቀን አለው። በሙያ ማኅበር ጉባኤ ላይ የማይገኙት እናቶች በዕድር ስብሰባ ይገኛሉ። የኮልፌ ሰው ለጋራ ሥራ መሰብሰብን የሚማረው ከሌላ አይደለም። ከሰፈሩ ነዋሪዎች ብዙዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ናቸው፤ የጉራጌ ሕዝብም ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የራሱን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ ገንዘብ እያዋጣ ወደ አገሩ መንገድ ማስጠረጉ የታወቀ ነው። ያ ሥራ የነጋዴው ገንዘብና የመሐንዲሱ ዕውቀት ባንድነት ተቀምጠው የመከሩበት ሥራ ነበር።

ቡናውን በሚመለከት የቤት እመቤቶች ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። ነገር ግን ባየነው ጉባኤ መልካም ሆኖ ያገኘነውን እንናገር። እንግዳው ሲናገሩ ቡናው ይቈላል፤ ግን ስኒ አይንቀሳቀስም። አቦሉ ሲቀዳ ንግግሩ ያልቃል። ቶናው ሲደርስ ጥያቄ ይጀመራል፤ ሰው ስኒ በእጁ ይዞ ሲጠይቅ አያፍርምና። በረካው ላይ ተማሪዎች እንግዳውን ከበው የግል ምክር ይጠይቃሉ፤ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ፣ ሴት ልጅ መሐንዲስ ስትሆን ፎቅ ላይ መውጣት አያስፈራትም ወይ ብላ ስትጠይቅ የሰማነው በዚያ ሰዓት ነው። የእንግዳው መልስ፣ ወንዱም ያስፈራዋል፤ የሚፈራ መሐንዲስ ነው ቀበቶውን የሚያጠብቀው፣ የሚል ነበር።

እንግዳውን የሚያስተዋውቀው ሰው ንግግሩን ያሳጥር። የሕይወት ታሪካቸውን ከልደት ጀምሮ መዘርዘር እንግዳውን ያሳፍራል፤ ሰሚውንም ያደክማል። ገንዘብን በተመለከተ፣ የመንገዱ ወጪ ሳይጠየቅ ይሰጥ፤ ከዚያ በላይ ዕድሩ አቅሙ ከፈቀደ ደግ ነው፤ ካልፈቀደም በደብዳቤው አስቀድሞ መናገር ከሐሜት ያድናል።

ከሁሉ የሚረሳው ግን ከጉባኤው በኋላ ያለው ነው። ከሁለተኛው ጉባኤ አንድ ወር ቆይቶ የዕድሩ ጸሐፊ ለመሐንዲሱ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። በርሱም ላይ አያሌ ቤቶች ለምጣዳቸው የተለየ መሥመር ማስዘርጋታቸውን፣ አሮጊቲቱም ማራዘሚያውን ያን ዕለት ማታ ከምንጣፉ ሥር ማውጣታቸውንና አንድ ስፍራ ላይ ጠቁሮ ማግኘታቸውን አስታወቀ። መሐንዲሱ ይህን ደብዳቤ በቢሯቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውት አይተናል። ደብተሩም አሁን በጸሐፊው እጅ ነው፤ በየስብሰባው ይዞራል። በመጨረሻ የተጻፈበት ጥያቄ እንዲህ ይላል፤ «በቤታችን ጣራ ላይ የሰቀልነው ሮቶ 1 ሺህ ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ 1 ሺህ ኪሎ ይመዝናል ማለት ነውን? ከሥሩ የተኙትስ ልጆች?» ጸሐፊው ይህን የሚመልስ መሐንዲስ በየት ሰፈር እንደሚገኝ በመጠየቅ ላይ ነው።